ኤፍቲፒ ሰርቨር ወይስ ኤስኤፍቲፒ? ከውጭ ሲገባ የፎልደር ዝርዝር አያመጣም

ፋሲሎ፦
ባህር ዳር ላለ ማተሚያ ቤት ኡቡንቱ 22.04 ላይ ቪኤስኤፍቲፒዲ (በኤፍቲፒ ፋይል የሚቀበል የሰርቨር ፕሮግራም) ተጭኗል። ጎንደርና ደብረ ታቦር ያሉ ደንበኞች የባነር ዲዛይን ይልኩበታል፤ አንዱ ፋይል እስከ 300 ሜጋባይት ይደርሳል። ከቢሮ ውስጥ ችግር የለውም። ከውጭ ሲሆን ግን ፋይልዚላ (ደንበኞቹ የሚልኩበት ፕሮግራም) ፓስወርዱን ይቀበልና ዝርዝሩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ራውተሩ ላይ ፖርት 21 (የኤፍቲፒ መግቢያ ቁጥር) ክፍት ነው። ደግሞ «ወደ ኤስኤፍቲፒ ቀይረው» የሚሉኝ አሉ። እሱ ያው ኤፍቲፒ ላይ ሰርተፍኬት መጫን አይደለም እንዴ?

ሽምብጥ፦
ሰርተፍኬት የሚጫንበት ኤፍቲፒኤስ ነው። ኤስኤፍቲፒ ከኤፍቲፒ ጋር በስም ይመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም፤ በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት በተመሰጠረ መስመር መግቢያ) ውስጥ የሚሄድ ሌላ ፕሮቶኮል ነው።

ዝርዝሩ የሚደርቀው ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ስለሚፈልግ ነው። ትእዛዙ በ21 ይሄዳል፤ ፋይሉም ሆነ የፎልደሩ ዝርዝር ግን በየጊዜው አዲስ በሚከፈት ፖርት ነው የሚመጣው። በፓሲቭ ሞድ ሰርቨሩ «በዚህ አይፒ፣ በዚህ ፖርት ና» ይላል። ከራውተር ጀርባ ስላለ የሚናገረው የውስጡን 192.168 ምናምን ነው። ፋይልዚላ ይህን አይቶ በውጩ አይፒ ይተካዋል፤ የተባለው ፖርት ግን ራውተሩ ላይ ዝግ ነው። ፓሲቭ ፖርቶቹን ለምሳሌ ከ40000 እስከ 40050 ወስነህ እነሱንም ብትከፍት ይሠራል።

ግን አልመክርም። ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው፤ መስመሩ ላይ ቲሲፒዳምፕ (በኔትወርክ የሚያልፈውን ማንበቢያ) የከፈተ ሰው «ፓስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ እንዳለ ያነበዋል። ኤፍቲፒኤስ ይህን ይፈታል፤ ሁለቱ መስመር ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም አንዳንድ ራውተር የኤፍቲፒን ንግግር እያነበበ ፖርት ይከፍት የነበረው፣ ሲመሰጠር ማንበብ ያቅተዋል።

በዛዊት፦
ኤስኤፍቲፒ የሚፈልገው አንድ ፖርት ነው፣ 22። ኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ካለ ሌላ የሚጫን የለም። ለደንበኞች አንድ ግሩፕ ፍጠር፤ የየዩዘሩን ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን) ኖሎጊን አድርገው፣ ለፋይል ብቻ ይገባሉ። ከዚያ ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ መጨረሻ ላይ (አነባበቡን ነው የጻፍኩት)፦

ማች ግሩፕ ደንበኞች
ክሩት ዳይሬክተሪ /ኤስአርቪ/%ዩ
ፎርስ ኮማንድ ኢንተርናል-ኤስኤፍቲፒ
አላው ቲሲፒ ፎርዋርዲንግ ኖ

ክሩት ማለት ደንበኛው ከዚያ ፎልደር እንዳይወጣ መቆለፍ ነው፤ %ዩ የዩዘሩ ስም ነው። መጨረሻ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከማች በታች የተጻፈ ሁሉ ለዚያ ግሩፕ ብቻ ይሆናል። ሪሎድ ከማድረግህ በፊት በኤስኤስኤችዲ -ቲ ፈትሸው። የተከፈተውን ተርሚናል ሌላ መስኮት ላይ ገብተህ ሳታረጋግጥ አትዝጋ፤ ከተሳሳትክ መመለሻህ እሱ ነው።

ፋሲሎ፦
እንዳልሽው አደረግኩ፤ ግን ፓስወርድ ተቀብሎ ወዲያው ያባርራል። አውዝ ሎግ (የመግቢያ መዝገቡ) ላይ «ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ ፎር ክሩት ዳይሬክተሪ» ይላል።

በዛዊት፦
ፎልደሩን ለደንበኛው ሰጥተኸዋል። የክሩቱ ፎልደርና ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ባለቤቱ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) መሆን አለበት፤ ግሩፕም ሌላ ሰውም መጻፍ የለበትም። ፈቃዱን 755 (ባለቤቱ ብቻ የሚጽፍበት) አድርገው። 775 (ግሩፑም የሚጽፍበት) እንኳ ቢሆን ያባርራል። ደንበኛው የሚጽፍበትን «ገቢ» ብለህ ከውስጡ ፍጠርና እሱን ብቻ ለዩዘሩ ስጠው።

ሽምብጥ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ወይም ኔትወርክ መሀል ላይ ከጠፋ ፋይልዚላ ሲጠይቅ «ሪዚዩም» ይበሉ፤ በተርሚናል ከሆነ ትእዛዙ ሪፑት ነው። ግማሹ የደረሰ ፋይል እንዳይታተም ደንበኛው በሌላ ስም ልኮ ሲያልቅ ሪኔም ያድርገው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ሲገቡ የሰርቨሩ ፊንገርፕሪንት (የቁልፉ መለያ ጽሑፍ) ይመጣል። ዝም ብለው «ኦኬ» እንዳይሉ በኤስኤስኤች-ኪጄን -ኤልኤፍ አውጥተህ በስልክ አንብብላቸው። ወደፊት በድንገት ተቀየረ ካላቸው ፓስወርድ ሳያስገቡ ይደውሉልህ። 21ንም ከራውተሩ ላይ ዝጋው፤ ቪኤስኤፍቲፒዲን አጥፋው።