የዶሮ ዳምፕሊንግ በኤር ፍራየር፦ ሊጡ ለምን ይደርቃል?

አዘዞ_ማድቤት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የዶሮ ዳምፕሊንግ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የተፈጨ ዶሮ) በኤር ፍራየር ስሠራ ጠርዙ እንደ ከረመ ቂጣ ይደርቃል፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ ከሆዳቸው ተተርትረው ውሃ ይለቃሉ። 300 ግራም የፊኖ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ፣ ውስጡ የተፈጨ የዶሮ ደረት፣ 200 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ ነው። ዘይት አልቀባሁም፤ ያለ ዘይት ይሠራል ተብሎ አይደል የተገዛው? መብራት መሐል ላይ ቢሄድም የማይበላሽ አሠራር ካለ ንገሩኝ።

ሊጥ_ዳማጭ፦
እህቴ፣ ማሽኑ ጥፋት የለበትም። ኤር ፍራየር ማለት ትንሽ ምድጃ ነው፤ ትኩስ አየር ይነፋል እንጂ እንፋሎት አይሰጥም። ጥሬ ሊጥ ለመብሰል ውሃ ይፈልጋል፤ ነፋሱ ውሃውን ቀድሞ ከወሰደበት ሳይበስል ይደርቃል። ነጭ ዱቄት ያልሽው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ሊጡ ድርብ ስለሆነ እዚያ ይብሳል። ያለንባት ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናትና እርጥበት ቶሎ ይተናል። ስለዚህ በእንፋሎት አብስዪው፣ ኤር ፍራየሩን ለማቅላት ብቻ ተጠቀሚበት።

ሊጡን በፈላ ውሃ አቡኪው፦ ለ300 ግራም ዱቄት 150 ሚሊ ሊትር ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የፈላው ውሃ ዱቄቱን ከወዲሁ ገረፍ ስለሚያደርገው ሊጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። መጀመሪያ በማንኪያ አማስዪው፣ እጅ ሲችለው 8 ደቂቃ እሺው፣ ከዚያ ሸፍነሽ 30 ደቂቃ አሳርፊው። ሳያርፍ ከተዳመጠ እየተኮማተረ ያስቸግርሻል። 30 ቦታ ክፈዪው፤ አንዱ 15 ግራም፣ ከብይ ተለቅ የሚል ነው። ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ዳምጪው፤ መሐሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ይበል።

ሥጋውን ሞልተሽ ከዘጋሽው በኋላ ዘይት በተቀባ ወንፊት ላይ ደርድረሽ በሚፈላ ድስት ላይ 10 ደቂቃ ክደኚው። ብዙ ቦታ 7 ወይም 8 ይላሉ፤ እኛ ጋ ግን ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጨመር ማድረግ ነው። አውጥተሽ ላቡ ሲደርቅ በብሩሽ ዘይት ቅቢው፤ ለ30ው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። 190 ዲግሪ ላይ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ መሐል ላይ ገልብጪ። አይደራረብ፣ የጣት ስፋት ያህል ይራራቅ።

መብራቱም እዚሁ መልስ ያገኛል፦ ዶሮው በእንፋሎት በስሎ ስላለቀ መብራት ቢሄድ በመጥበሻ ከሰል ላይ አድርገሽ ትጨርሺዋለሽ። ጥሬውን አስገብተሽ ከተቋረጠ ግን ለብ ብሎ እንዲቀመጥ አትተዪው።

ፒያሳ_44፦
የሚተረተረው በውስጡ ውሃ ነው። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግመን የምናጥብ ሰዎች ነን፤ ለወጥ ደግ ነው፣ እዚህ ግን ያ ውሃ ሥጋው ውስጥ ተቋጥሮ ይቀርና ሲሞቅ ሊጡን ይቀደዋል። ካጠብሽው በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፣ ከዚያ ፍጪው።

350 ግራም ሥጋ ይበቃል፣ ግማሹ ታፋ ይሁን፤ ደረት ብቻውን ይደርቃል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ጠንካራ ነውና ሁለት ጊዜ ይፈጭ። 150 ግራም ጥቅል ጎመን አድቅቀሽ ጨው ነስንሺበት፣ 15 ደቂቃ ቆይተሽ እንደ ልብስ ጭመቂው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አማስዪው፣ እጅሽን ብትገለብጪ የማይወድቅ እስኪሆን። ውሃ ጨምሪ ማለቴ አይግረምሽ፤ ሥጋው ከጨው ጋር ሲታሽ ይመጠዋል፣ የሚጎዳው ያልተመጠጠው ነው። ለአንዱ 15 ግራም ብቻ። ጠርዙን ውሃ ነክተሽ ስትዘጊ አየሩን በጣትሽ ግፊው፤ የታሰረ አየርም ይተረትራል።

ሳምቡሳ_ይሻላል፦
ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሊጡ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ፣ ዶሮውን ቀድማችሁ ጠብሳችሁ፣ ሳምቡሳ አድርጉት። 180 ዲግሪ፣ 12 ደቂቃ፣ አንዴ መገልበጥ። እንፋሎት የለ፣ ወንፊት የለ።

ሊጥ_ዳማጭ፦
ሳምቡሳ ሳምቡሳ ነው፤ የጠየቀችው ግን ከሥር ለስላሳ፣ ከላይ ቀላ ያለውን ነው።

አዘዞ_ማድቤት፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ሠርቼ ረቡዕን ጾም አሳልፌ ሐሙስ ለመብላት ጥሬውን ላቀዝቅዘው ወይስ አብስዬ?

ፒያሳ_44፦
ጥሬውን። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሰሽ ሳይነካካ ፍሪዘር ውስጥ ይድረቅ፣ ድንጋይ ሲሆን በፌስታል ሰብስቢው። ሐሙስ ሳታቀልጪው በቀጥታ እንፋሎት ላይ፣ 13 ደቂቃ። ከቀለጠ ሊጡ ይረጥብና ትሪው ላይ ይቀራል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ራሱ ቀልጦ ካገኘሽው ደግሞ መልሰሽ አታቀዝቅዢው።

አራዳ_ኤሌክትሪክ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ኤር ፍራየር 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ምጣድ ከተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይሰካ፤ ቀጭን ገመድ ይግላል። የመጋገሪያ ወረቀት ከሥር የምታደርጉ፣ ዳምፕሊንጉ ሳይቀመጥበት ባዶውን አታሙቁት፤ ነፋሱ ያነሣውና ማሞቂያው ላይ ይለጥፈዋል፣ ይቃጠላል።