በአማተር ሬዲዮ ውድድር ላይ ሁሉም 59 የሚለው ለምንድን ነው? በ100 ዋትና በሽቦ አንቴናስ መግባት ያዋጣል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ባለፈው የሲኪው ወርልድ ዋይድ የድምፅ ውድድር (በዓለም ዙሪያ ካሉ ጣቢያዎች ጋር በብዛት ለመገናኘት የሚደረግ ፉክክር) ጊዜ ማይኩን ሳልነካ ሳዳምጥ ነበር። ደስ ይላል፣ ባንዱ (የተመደበልን የሞገድ ክልል) ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንዱ የሌላውን የጥሪ ምልክት (የጣቢያውን መለያ ፊደላትና ቁጥር) ደጋግሞ ያስደግማል፣ በስንት መከራ ይይዘዋል፣ ከዚያ "ፋይቭ ናይን" ይለዋል! 59 ማለት እኮ ንግግርህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ሲግናልህም በጣም ጠንካራ ነው ማለት ነው ብለን ነው የተማርነው። ታዲያ ይሄ ሪፖርት ምን ይጠቅማል? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ለነገር ፍለጋ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ያለኝ 100 ዋት ሬዲዮና በሁለት ዛፎች መሀል የተዘረጋ ዳይፖል (የሽቦ አንቴና) ነው። ትልልቅ ታወር ያላቸው መሀል ገብቼ የሚሰማኝ ይኖራል?

ሎግ ጠባቂ፦
እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው። በውድድር ላይ 59 ሪፖርት መሆኑ ቀርቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚልክ የሎግ (የግንኙነት መዝገብ) ሶፍትዌሩ ራሱ ይሞላዋል፣ ማንም አይሰማውም። ቁም ነገሩ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በሲኪው ወርልድ ዋይድ የዞን ቁጥር ነው፣ ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች። በሌሎች ውድድሮች ከ001 የሚጀምር ተራ ቁጥር ይላካል።

የሚፈተነው ደግሞ ሲግናሉ ሳይሆን ጆሮሽ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም ሎጉን ይልካል፣ በሲኪው ወርልድ ዋይድ በአምስት ቀን ውስጥ። ከዚያ ኮምፒውተር የአንዱን ሎግ ከሌላው ጋር ያመሳክራል። ከጥሪ ምልክቱ አንዲት ፊደል ከተሳሳትሽ ያ ግንኙነት ይሰረዛል፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ይቀነስብሻል። በትክክል የጻፈው ወገን ግን ምንም አይነካውም። ስለዚህ ያ ደጋግሞ ሲያስደግም የሰማሽው ሰው ጎበዝ ኦፕሬተር ነው። ብዙ ሰው በችኮላ "ይሁን" ብሎ የሚያልፈውን እሱ በትክክል እስኪይዝ አልለቀቀውም። እኔ ከፍጥነት ይልቅ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ነው የማደንቀው።

ሞርስ ወዳጅ፦
ሎግ ጠባቂ ያለው ልክ ነው፣ ግን እኔ ጀማሪዋ ቅር ያላት ነገር መሠረት አለው ባይ ነኝ። ዞን እኮ ከጥሪ ምልክቱ ይገመታል፣ ሶፍትዌሩም ቀድሞ ይጽፈዋል። ስለዚህ በተግባር የምታዳምጪው የጥሪ ምልክቱን ብቻ ይሆናል። በሞርስማ የ59 አቻ የሆነውን 599ን እንኳ "ፋይቭ ኤን ኤን" ብለን ነው አሳጥረን የምንልከው፣ ኤን ከዘጠኝ በጣም ስለሚያጥር።

ለኔ እውነተኛ ውድድር የማይገመት ነገር የሚላክበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የሚካሄደውን የአሜሪካኖቹን ስዊፕስቴክስ ተመልከቱ። ተራ ቁጥር፣ የምድብ ፊደል፣ የራስ ጥሪ ምልክት፣ መጀመሪያ ፈቃድ የወጣበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች፣ ከዚያ የአካባቢ መለያ። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል፣ በጫጫታ መሀል አንዱንም ሳትስት መያዝ አለብሽ። በጣም የምወደው የውድድር ዓይነት ይሄ ነው።

ረጅም ሽቦ፦
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፣ እሱ ነው የሚያገባኝ። አዎ ግቢ! 100 ዋት የራሱ ምድብ አለው፣ በ1500 ዋት ከሚሠሩት ጋር አትወዳደሪም። በ5 ዋት ብቻ የሚወዳደሩም አሉ።

ሲጀመር አንድ ቦታ ተቀምጠሽ ሲኪው (የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ የሚል ጥሪ) አትጥሪ። ከባንዱ ጫፍ ተነስተሽ ቀስ እያልሽ ውጪ፣ ያገኘሽውን አዳምጪ፣ የጥሪ ምልክቱን በራስሽ ጆሮ አረጋግጪ፣ ከዚያ ምልክትሽን ሙሉውን አንዴ ብቻ ጥሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደሎች ብቻ መጥራት ጊዜ ያባክናል፣ ሰውየው መልሶ መጠየቅ ይኖርበታላ። ክላስተር (ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንዳለ ሰዎች የሚያስታውቁበት የኢንተርኔት ዝርዝር) ላይ የተጻፈውን እንዳለ አትመኚ፣ እዚያ ስህተት ሞልቷል። ደግሞም ክላስተር ከተጠቀምሽ ምድብሽ ይለያል፣ ደንቡን አንብቢ።

ቅዳሜ ካልሰሙሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሲኪው ወርልድ ዋይድ 48 ሰዓት ነው። እሁድ ላይ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚሰሙትን ሁሉ ጨርሰው አዲስ ሰው ፍለጋ ሲኪው፣ ሲኪው ሲሉ ነው የሚውሉት። ቅዳሜ በግርግር ያለፉሽ እሁድ ጆሯቸውን ቀስረው ይፈልጉሻል።

ስለ ነጥቡም ልንገርሽ። ከሌላ አህጉር ጋር 3 ነጥብ ነው፣ ከራስ አገር ጋር ግን 0። ድምሩ በየባንዱ ባገኘሻቸው ዞኖችና አገሮች ቁጥር ይባዛል። እንበል፣ ከሌላ አህጉር 100 ግንኙነት ማለት 300 ነጥብ፣ ማባዣሽ 50፣ ውጤትሽ 15,000 ነው። አንድ ተራ ግንኙነት ብትጨምሪ 15,150 ይሆናል። ያው ግንኙነት አዲስ አገር ከሆነ ግን 15,453። ጭማሪው ሦስት እጥፍ ነው! ስለዚህ አንድ ባንድ ላይ ተተክለሽ አትቅሪ። ቀን ፀሐይ እያለች የ10፣ 15 እና 20 ሜትር ባንዶችን፣ ማታ 40 እና 80ን ሞክሪ።

አንቴና ሁሉም ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየተወሰነ ዓመቱ የሚደረገው የሬዲዮ ስፖርት የዓለም የቡድን ሻምፒዮና አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ፣ በ2018 በጀርመን ሲካሄድ ሁሉም ባለ ሁለት ሰው ቡድን ተመሳሳይ አንቴናና 100 ዋት ብቻ ነበር የተሰጠው። እንዲያም ሆኖ በቡድኖቹ መሀል የውጤት ልዩነት ታይቷል፣ ያ ልዩነት የመጣው ከኦፕሬተሩ ነው።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ እኔ በዚህ መዝናኛ ነው ያረጀሁት፣ ውድድርንም አልጠላም። ግን ቅዳሜና እሁድ ከወዳጆቼ ጋር የምናወራበት ቦታ ላይ አንዱ ሳያዳምጥ ዘው ብሎ ሲኪው ሲጀምር ያናድዳል። አንድ ደቂቃ ማዳመጥ ምን ይጎዳል?

ሎግ ጠባቂ፦
ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ፍሪኩዌንሲ የማንም ርስት አይደለም፣ ግን ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ይከበራል። ቦታው ተይዟል ወይ ብሎ ቆም ማለት፣ መልስ ካልመጣ ደግሞ እንደገና መጠየቅ የማንኛውም ኦፕሬተር ግዴታ ነው። እርስዎን ላለመስማት የሚያበቃ ምክንያት አይኖርም፣ ለነጥብም ቢሆን። ባንዱ ከመጠን በላይ ሲጨናነቅብዎት ግን 30፣ 17 እና 12 ሜትር አሉልዎት። እነዚህ ላይ ውድድር አይደረግም፣ በዚያ ሰላም ያገኛሉ።

የድሮ ሰው፦
17 ሜትርን እሞክረዋለሁ። ሌሎቹም እንዳንተ ቢያስቡ መልካም ነበር።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እውነት ብዙ ነገር ነው የገለጣችሁልኝ። ጋሼ የጠቀሱትንም ይዣለሁ፣ ሳላዳምጥ አልጠራም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሃያ ሠላሳ ግንኙነት ብቻ ቢኖረኝ ሎጉን መላክ አለብኝ? አዘጋጆቹን ማድከም እንዳይሆንብኝ ነው።

ሎግ ጠባቂ፦
ላኪ እንጂ! የሚቀበለው ኮምፒውተር ነው፣ ማንም አይደክምም። ያነጋገርሻቸው ሰዎች ሎግ የሚመሳከረው ካንቺ ጋር ነው፣ እንዳንቺ ያለ ፋይል በበዛ ቁጥር ማመሳከሩ ይበልጥ ይታመናል። ደረጃ ውስጥ መግባት ካልፈለግሽ ለማመሳከሪያ ብቻ ብለሽ መላክ ትችያለሽ። እኔ ግን ተወዳድረሽ ላኪ እላለሁ፣ በኋላ ከየትኛው ግንኙነት ምን እንደተሰረዘብሽ የሚያሳይ ሪፖርት ይወጣል፣ ከሱ ብዙ ትማሪያለሽ። ፋይሉ ካብሪሎ በሚባለው ቅርጽ ይሁን፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያወጣልሻል። ከመጀመርሽ በፊት የኮምፒውተርሽ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም የጋራ ሰዓት) በትክክል መሞላቱን እይ፣ ሎጉ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው።

ሞርስ ወዳጅ፦
ሞርስ ስትለምጂ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ የአንድ ሰዓት አጫጭር ውድድሮች አሉ። ስምና የክለብ አባልነት ቁጥር ወይም የምትኖሪበትን ቦታ ብቻ ነው የሚለዋወጡት፣ 599 የሚል የለም። አንቺ የምትወጂው ዓይነት ነው።