«3 ወቄት ወርቅ» ስንት ግራም ነው? እባካችሁ የምታውቁ

የአራት ኪሎ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። በወርቅና በድሮ ሚዛን ነገር የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፣ ቤት ውስጥ ጠብ ሊነሳ ነው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የወርቅ ድሪዋን የዛሬ 20 ዓመት ለአክስቴ በአደራ ሰጥታት ነበር። ከድሪው ጋር በ1958 ዓ.ም. የተጻፈ ወረቀት አለ። «ክብደቱ 3 ወቄት» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ለመከፋፈል ብለን ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድነው። ሚዛኑ 84 ግራም አለ። አጎቴ እዚያው ቆሞ ስልኩ ላይ ፈለገና «ወቄት 31 ግራም ነው፣ 93 መሆን ነበረበት፣ 9 ግራም የት ገባ?» አለ። የሱቁ ሰውዬም «ልክ ነው፣ 31 ነው» ብሎ ጨመረበት። አክስቴ ምንም አልመለሰችም። ድሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አታነሳም። እውነት ወቄት 31 ግራም ነው?

ቸኮለ ከአራዳ
አዎ ወንድሜ፣ ወቄት ማለት አውንስ ነው። ዜና ላይ «አንድ ወቄት ወርቅ ይህን ያህል ዶላር ገባ» ሲሉ አልሰማህም? 31.1 ግራም ነው። አክስትህን በደንብ ጠይቋት።

የወርቅ ሰሪ ልጅ
ኧረ ተው ቸኮለ! ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወረወርም። ዜናው የሚናገረው ስለ ዓለም ገበያ አውንስ ነው፣ እሱ 31.1 ግራም መሆኑ እውነት ነው፤ ጋዜጠኞች ወደ አማርኛ ሲመልሱት ወቄት ስላሉት ነው የተምታታው። የኛ ወቄት ግን የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ብር ማለቴ ነው። ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ3 አባዛው፣ 84.2 ይመጣል። ሚዛኑ ስንት አለ? 84! አክስትህ ምንም አላጎደለችም።

አባቴ ወርቅ ሰሪ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ሥሩ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ሁለት ሳህን ያላት የእጅ ሚዛን ነበረችው። በአንዱ ጠገራ፣ በሌላው ወርቅ። እኩል ሲቆሙ አንድ ወቄት ሞላ ይባላል። ጠገራውን ከማስቀመጡ በፊት ሁልጊዜ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ቆሻሻ ከያዘ ይከብድና ወርቅ ሻጩ ይጎዳል፣ ያለቀና የተላጨ ጠገራ ከሆነ ደግሞ ገዢው ይጎዳል። ለዚህ ብሎ ፊቷ ያልጠፋ አንዲት ጠገራ ለሚዛን ብቻ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፣ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። በ1887 ዓ.ም. የወጣው የምኒልክ ብርም ሲሠራ ክብደቱ ከጠገራ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነው። አላድ የሚባለው ሳንቲም የብሩ ግማሽ ነው፣ 14 ግራም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱ ላይ ያለው ክብደት እንጂ ጥራት አይደለም። ከመከፋፈላችሁ በፊት ካራቱን አስመርምሩ። 18 ካራት ማለት ከ1000 እጅ 750ው ወርቅ ነው፣ 21 ከሆነ ደግሞ 875ቱ። ዋጋው በጣም ይለያያል።

ከስድስት ኪሎ
ከላይ ያለው ወንድሜ የተናገረው ልክ ነው፣ ግን አጎትህም ዝም ብሎ አልተሳሳተም። የቃሉ ሥር አንድ ነው። ወቄት ከዐረብኛው «ኡቂያ» ጋር የተያያዘ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሮማውያኑ «ኡንኪያ» የመጣ ነው፣ የአንድ የሮም ፓውንድ 12ኛ እጅ። የእንግሊዝኛው አውንስም የወጣው ከዚያው ነው። ስሙ አገር ላገር ዞሯል፣ ክብደቱ ግን በየገበያው ሌላ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ሁለት አውንስ አላቸው፤ የወርቁ 31.1፣ የሸቀጡ 28.35።

ወቄት ከጠገራም በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ እዚህ ወርቅ በወቄት ሲቆጠር አይቶ ጽፏል፣ ማሪያ ትሬዛ ግን የነገሠችው ከዚያ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጠገራው ላይ የምታዩት 1780 የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ይኸው ቁጥር አለበት። ገበያው ሁሉ በዚህ ብር ሲሞላ ወቄትም በሱ ተለካ። ወረቀታችሁ የ1958 ከሆነ የጠገራው ወቄት ነው፣ አትጠራጠር።

የአራት ኪሎ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት አጎቴን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድን። የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። አክስቴ ተነስታ ከሳጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠገራ አወጣች፣ ለካ አያቴ ከድሪው ጋር አብራ ሰጥታት ነበር፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ጎረቤት ካለ ሱቅ ትንሽ ሚዛን ለምነን መዘንነው። 28 አለ። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። «ተው፣ ቁጭ በል» ብላው ቡና ልታፈላ ገባች። ካራቱን ሰኞ እናስመረምራለን።