ዊንዶውስ 11 ከገባ በኋላ ፕሪንተሩ ወረፋ ይዞ ቀረ

ጠመኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ላፕቶፔን ወደ ዊንዶውስ 11 አፕግሬድ አደረግኩት። ፋይሎቼ አሉ፣ ዎርድ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ፕሪንተሩ ብቻ አኩርፏል።

በዩኤስቢ የሚገናኝ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ነው፤ ኮፒና ስካንም ያደርጋል። አፕግሬዱ ሊገባ ሲል የፈተና ወረቀት እያወጣልኝ ነበር። አሁን ፕሪንት ስለው ሰነዱ ወረፋ ውስጥ ይገባና እዚያው ቁጭ ይላል። ስህተት አለ አይለኝም፣ ድምፅ የለው፣ ሮለሩ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ልሰርዘው ስል "ዲሊቲንግ" ይልና እሱም በዚያው ይቀራል።

እንዳትደክሙ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገመዱን ቀይሬያለሁ። መስታወቱ ላይ ወረቀት አድርጌ ኮፒ ስለው ጥርት አድርጎ ያወጣል። ሴቲንግስ ውስጥ ግን የፕሪንተሩ ስም ሁለት ቦታ አለ። አንዱ እንደ ድሮው ነው፣ ደብዘዝ ብሏል። ሌላው መጨረሻው ላይ "ኮፒ 1" የሚል ተለጥፎበታል። እኔ ኮፒ 1 የሚባል ፕሪንተር ገዝቼ አላውቅም።

"ፎርማት አድርጊው" የሚል መልስ ይቅርብኝ፣ በፈጠራችሁ። ሰኞ ፈተና አለ።

ፈጣን መልስ፦
ፎርማት አድርጊው 😀 ቀልዴን ነው። ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) አውርደሽ ጫኚ፣ አለቀ።

ሽቦ በጣሽ፦
አላለቀም ወንድሜ።

ጠመኔ፣ ግማሹን ሥራ አንቺው ሠርተሽዋል። ኮፒ የሚያወጣ ከሆነ ቶነሩም፣ ድራሙም፣ ወረቀት መጎተቻውም ጤነኛ ናቸው። ፕሪንተሩን ተይው። ችግሩ ከላፕቶፑ እስከ ፕሪንተሩ ያለው መንገድ ላይ ነው፣ ነገሩን ያሳበቀውም ኮፒ 1 ነው።

ዊንዶውስ ለዩኤስቢ ፕሪንተር ፖርት፣ ማለትም ሰነዱ የሚላክበት አድራሻ፣ ይሰጠዋል፤ ዩኤስቢ 001፣ ዩኤስቢ 002 እያለ። ትልቅ አፕግሬድ ሲገባ የተሰካውን ዕቃ እንደ አዲስ ሊመዘግበው ይችላል። ያንቺንም አዲስ ፖርት ሰጥቶት፣ አዲስ ስም አውጥቶለት ይሆናል። የድሮው ስም ግን ዛሬም የሚልከው ወደ ድሮው ፖርት ነው። ቤት ለቆ ለሄደ ሰው በድሮ አድራሻው ደብዳቤ እንደ መላክ ነው። ስህተት የማይልሽም ለዚህ ነው፤ ዊንዶውስ ፕሪንተሩ የጠፋ መስሎት "ሲበራ እልካለሁ" ብሎ እየጠበቀ ነው።

መጀመሪያ የተጣበቀውን ወረፋ አጽጂ። መፈለጊያው ላይ "ሰርቪስስ" ብለሽ ክፈቺና "ፕሪንት ስፑለር" የሚለውን (የሕትመት ወረፋውን የሚያስተዳድረው ነው) "ስቶፕ" በይው። ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ እያልሽ ግቢ። ፈቃድ ይጠይቅሻል፣ እሺ በይው። መጨረሻቸው ኤስፒኤል እና ኤስኤችዲ የሆኑ ፋይሎች ታያለሽ። ኤስፒኤሉ ገጾቹ ራሳቸው ናቸው። ኤስኤችዲው ማን ላከው፣ በየትኛው ፕሪንተር፣ በምን ዓይነት አወጣጥ የሚለውን ይይዛል። "ዲሊቲንግ" እያለ ያስቸገረሽ ሰነድ እዚያ ነው የተሸጎጠው። ፋይሎቹን ብቻ አጥፊ፣ ፎልደሩን እንዳትነኪ። ተመለሺና ስፑለሩን "ስታርት" በይው።

አሁን ወደ ፖርቱ። ሴቲንግስ ውስጥ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ። ኮፒ 1ን ከፍተሽ "ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ" በይ፣ "ፖርትስ" የሚለው ገጽ ላይ ምልክቱ የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ እዪ። የድሮውንም እንዲሁ። ቁጥሮቹ ከተለያዩ የድሮው ላይ የኮፒ 1ን ቁጥር መርጠሽ "አፕላይ"። ከዚያ የሙከራ ገጽ ላኪ።

ኮፒ 1ን ዝም ብለሽ መጠቀም ትችይ ነበር። ግን ያስተካከልሻቸው ነገሮች ሁሉ፣ የወረቀት መጠኑም፣ በሁለት ገጽ ማተሙም፣ የድሮው ላይ ናቸው።

ድራይቨር ማውረድ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሰው ሁሉ ከሱ ይጀምርና ሦስተኛ ስም ይጨምራል። ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

ጠመኔ፦
ወጣ! የድሮው ዩኤስቢ 001 ላይ ነበር፣ ኮፒ 1 ዩኤስቢ 003 ላይ። ቀይሬ "አፕላይ" ስል ደብዛዛው ስም ወዲያው ደመቀ። እጅህ ይባረክ። ፈተናው እየወጣ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዎርድ አንዳንዴ ፕሪንተሩን ትቶ ፒዲኤፍ የሚሠራውን ይመርጥብኛል። ስካኑ ደግሞ አሁንም ዝም ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የኔ በዋይፋይ ነው፣ እሱም ከአፕግሬዱ በኋላ "ኦፍላይን" ይላል። ስልኬ ግን ያትምበታል። ይኸው የፖርት ጉዳይ ነው?

ሽቦ በጣሽ፦
አዲስ ገቢ፣ ያንተም ፖርት ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። እዚያው "ፖርትስ" ገጽ ላይ ስሙ በደብሊውኤስዲ የሚጀምር ከሆነ፣ ዊንዶውስ ፕሪንተሩን በኔትወርኩ ላይ እየፈለገ ነው የሚያገኘው። ፍለጋው ከከሸፈ "ኦፍላይን" ይላል። መጀመሪያ የዋይፋይህ ፕሮፋይል ሳይታወቅ ወደ "ፐብሊክ" ተቀይሮ እንደሆነ እይ። እንደዚያ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሌሎችን አይፈልግም፣ ራሱንም ይደብቃል። የራስህ ዋይፋይ ከሆነ "ፕራይቬት" አድርገው። ካልሆነ "አድ ፖርት" ብለህ "ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ፖርት" ምረጥና የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ራስህ ስጠው። ራውተሩ ላይም ያንን አድራሻ ለፕሪንተሩ አስይዝለት፣ አለዚያ አንድ ቀን ይቀየርና እዚሁ እንገናኛለን።

ጠመኔ፣ የዎርዱ ቀላል ነው። እዚያው የፕሪንተሮች ገጽ ላይ ወረድ በይ። ዊንዶውስ ዲፎልቱን፣ ሌላ ካልመረጥሽ የሚታተምበትን ፕሪንተር፣ ራሱ ይምረጥ የሚል ማብሪያ አለ። እሱ በርቶ ከሆነ በቅርብ የተጠቀምሽበትን ነው ዲፎልት የሚያደርገው፤ ፒዲኤፍ ካወጣሽ ፒዲኤፉን። አጥፊውና የድሮውን ስም ከፍተሽ ዲፎልት አድርጊው።

ስካን ከማተም ለብቻው ነው፣ በሌላ ድራይቨር ነው የሚሄደው፣ የፖርቱ ለውጥ አይነካውም። ከማይክሮሶፍት ስቶር "ዊንዶውስ ስካን" የሚባለውን ነጻ አፕ ሞክሪ። እሱ ካላየው የስካኑ ድራይቨር ሳይጎድል አይቀርም። ያኔ ለዊንዶውስ 11 የወጣውን ሙሉ ጥቅል ከአምራቹ አውርጂ። እዚህ ላይ ፈጣን መልስ ልክ ነው።

ፈጣን መልስ፦
አላልኩም?