ለነቀዘ ሽምብራ የኒም ፍሬ እንዴት ልጠቀም?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ከደንቢያ ያስመጣነው ሽምብራ ነቀዝ ገብቶበታል። ማዳበሪያው ሲፈታ ዱቄት ይቦናል፣ ፍሬው ላይም ክብ ቀዳዳ ይታያል። ግማሹ ለሽሮ፣ ግማሹ ለዘር የተቀመጠ ነው። እናቴ የምትተኛው እህሉ ካለበት ክፍል ስለሆነ ፎስቶክሲን የሚባለውን የነቀዝ ማጥፊያ ክኒን ጨርሶ አላስገባም። የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ከመተማ በኩል የኒም ዛፍ ፍሬ አግኝቻለሁ። ውስጡ ያለው አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነፍሳቱን ወዲያው ባይገድልም ከመብላትና ከመራባት እንደሚያግዳቸው አውቃለሁ። የጨነቀኝ አሠራሩ ነው። በውሃ ዘፍዝፌ ብረጨው እህሉ ይረጥብና ይሻግታል። ስለዚህ የኒሙን ፍሬ ጥላ ላይ አድርቆ መውቀጥ ሳይሻል አይቀርም። ግን ለ1 ኩንታል ስንት ኪሎ ይበቃል? ምሬቱስ ሲታጠብ ይለቃል ወይስ ሽሮው ላይ ይቀራል? ደግሞ የነቀዙ ትል የሚያድገው ሽምብራው ውስጥ ተደብቆ ነው። የኒሙ ዱቄት ከውጭ ስለሚቀር ሽምብራውን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ላስጣው?

ለዘሩ ደግሞ በምግብ ዘይት ማሸት፣ ለ1 ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይረዳል ይባላል። አበቃቀሉን ይጎዳው ይሆን? ክረምቱ ሲወጣ ልንዘራው ነው። በእጃችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።