ስንኞቼ እኩል 12 ፊደል ናቸው፤ ለምን ይሰናከላሉ?

ሚዜው (ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሠርግ የሚነበብ ግጥም ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ ልጽፍ ብዬ እያንዳንዱን ስንኝ 12 ፊደል አደረግሁት። ከማሲንቆ ጋር ሲሞከር ግን አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ይንገዳገዳል።

ቅዳሜ ገበያ ልብስ ገዝቼ፣
ወደ ጓዳ ገባሁ ሸማ ለይቼ።

ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? ሰምና ወርቅም ላስገባበት እፈልጋለሁ።

ባለማሲንቆ፦
ወንድሜ፣ የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው፤ ከአፍ ሲወጣ አናባቢው የሚሰማው ድምፅ ማለት ነው። የሚያሳስተው ሳድስ ነው፤ እንደ «ል»፣ «ብ»፣ «ስ» ያለው 6ኛው የፊደል ረድፍ ማለት ነው። «ልብስ» ሲጻፍ 3 ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን 1 ቀለም፤ «ብ» እና «ስ» በ«ል» ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። «ቅዳሜ» ላይ ያለው «ቅ» ደግሞ ሳድስም ሆኖ ይሰማል፣ ስለዚህ 3 ቀለም ነው። እንዲህ ስትቆጥረው የመጀመሪያው ስንኝ 6 እና 4፣ በድምሩ 10 ብቻ ነው።

ሁለተኛው 12 ሞልቷል፤ ችግሩ መቁረጫው ነው። ወል ቤት 6 በ6 ነው፤ ከ6ኛው ቀለም በኋላ ቃል ማለቅ፣ ትንፋሽም መወሰድ አለበት። ያንተ 6ኛ ቀለም «ባ» ላይ ይወድቅና «ገባ» ብሎ ከተቆረጠ በኋላ «ሁ» ለብቻዋ ወደ ሁለተኛው ሐረግ ትሻገራለች። የተንገዳገደው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ገበያ / አዲስ ልብስ ገዝቼ፣
ከጓዳ ገባሁኝ / ሸማዬን ለይቼ።

አሁን ፊደሉ 15 እና 14 ነው፣ ቀለሙ ግን 12 በ12። ፈጠን ያለ ነገር ከፈለግህ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ ቡሄ በሉ 4 በ4 ነው፤ አንድ ግጥም ውስጥ ባትቀላቅላቸው እመክራለሁ።

የጓዳ ገጣሚ፦
ቤቱ ደህና ነው፣ «ቼ» ከ«ቼ» ይገጥማል። ስንኝ በሳድስ ሲያልቅ ግን የመጨረሻው ፊደል መመሳሰሉ አይበቃም። «መጣች» ከ«ሄደች» ጋር በዓይን ይገጥማል እንጂ ለጆሮ ልል ነው፤ «መጣች» ከ«ወጣች» ጋር ግን ይመታል።

ለሰምና ወርቁ መጀመሪያ ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሁለቱን ፍቺ የሚይዘውን ቃል፣ ፈልግ፤ ስንኙን ከዚያ በኋላ ገንባ። ብዙ ሰው በማጥበቅና በማላላት ይሠራዋል፤ «ሰው አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ሠርግ ላይ ግን በድምፅ ይነበባልና አንባቢው አንዱን መምረጡ ግድ ነው፤ ሌላው ፍቺ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ በሁለቱም ፍቺ አነባበቡ የማይለወጥ ቃል ያዝ፦

ሠርግ ቤቱ ሳይሞላ / አዝማሪው ደረሰ፣
ማሲንቆ ቃኘና / ሁሉን አዳረሰ።

ኅብረ ቃሉ «ደረሰ» ነው። ሰሙ መጣ፣ ወርቁ ግጥም ደረሰ፣ ፈጠረ። ሁለተኛው ስንኝ ለሁለቱም እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው፤ «ከሩቅ መንገድ መጥቶ» ብትልበት ኖሮ ወርቁ ይዘጋ ነበር።

ሚዜው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ የቅኔ ተማሪዎች ጉባኤ ቃና የሚባለው የግእዝ ቅኔ ዓይነት 2 ቤት ነው ሲሉ፣ ሁለት ጊዜ ቤት ይመታል ማለት ነው?

የጓዳ ገጣሚ፦
አይደለም። በግእዝ ቅኔ «ቤት» የሚባለው እኛ ስንኝ የምንለው ነው፤ ጉባኤ ቃና 2፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 አለው። ልኩም በየዜማው ይሄዳል እንጂ በ6 በ6 አይለካም።