ጥቆማ፦ ባሌን በሞተር ለምትወጡ፣ ዘመድ ያለው ሞተር ያዙ

በታኅሣሥ ስድስት ሆነን ባሌን በሞተር ዞረን ከተመለስን ወዲህ ጥያቄው አላባራም። «ሞተር ከየት ተከራያችሁ?» «የቱ ነው ዳገቱን የሚችለው?» «ብርዱስ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዋጋ ግን አልጠራም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለሳምንትም አይቆይ።

መንገዱን ላስቀድም። ሞተሮቹን ቃሊቲ ላይ አይሱዙ ላይ ጭነን አሰላ ላክናቸው። እኛ በሚኒባስ ተከተልን። ይሄን የሰማ ሁሉ ይስቅብናል። «በሞተር ሄድን ትላላችሁ፣ ሞተሩን ግን በመኪና ጫናችሁት?» አዎ፣ ጫንነው። እስከ ሞጆ ያለው አሮጌው መንገድ የጅቡቲ ተሳቢ የሚርመሰመስበት ነው። የሚታይ ነገር የለው፣ ትርፉ ጭንቀት ነው። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት አይቻልም። የአይሱዙው ኪራይ ለስድስት ሲካፈል ከቅጣቱም ከራስ ምታቱም ይሻላል።

ከአሰላ ተነስተን በበቆጂ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ገባን። እዚያ ሁለት ሌሊት አደርን። ከዚያ ሮቤና ጎባ፣ በሳነቴ አምባ አቋርጠን ሪራና ሐረና ጫካ፣ እስከ ደሎ መና። በመጣንበት ተመልሰን ጎባ አደርን። በመጨረሻ በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ወጥተን ሞተሮቹን እዚያው እንደገና ጫንናቸው። ሐዋሳ የገባነው ለአሳው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ከመካከላችን አራቱ ባጃጅ ቦክሰር 150 ነበር የያዙት። አንዷ ሆንዳ ኤክስ አር 150። ስድስተኛው ጓደኛችን ደግሞ ከ400 ሲሲ በላይ የሆነ፣ ሲያዩት ልብ የሚያሸፍት ትልቅ ሞተር ተከራየ። አሰላ ላይ ሁላችንም በተራ ፎቶ ተነሳንበት። በቆጂን ስናልፍ ከፊታችን ጠፋ። አዳባ ልንገባ ስንል መንገድ ዳር ቆሞ አገኘነው። የፍሪሲዮኑ ሽቦ ተበጥሷል።

ሞተሩን ገፍተን አዳባ አስገባነው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ዞረው፣ እንደገና አየው። ዶዶላ ደወለ፣ የለም። ሮቤ ደወለ፣ የለም። አዲስ አበባ አከራዩ ጋር ደወልን፤ «ከውጭ ነው የሚመጣው» አለን። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር ሸጋ ነው፤ ግን በዚህ አገር ዘመድ የለውም» አለው ጓደኛችንን። ከዚያ የቦክሰር ሽቦ አመጣ። ጫፉን ቆርጦ፣ በብየዳ ራስ ሠርቶለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ታግሎ አስገባው። ሠራ።

ጥቆማዬ በሙሉ ከዚህ ይነሳል። በቡድን ስትወጡ የሞተሩን ጉልበት ሳይሆን ዘመዱን ጠይቁ። ቦክሰር በየከተማው ዘመድ አለው። ሽቦው፣ ካንዴላው፣ ካቴናው፣ የፍሬን ሸራው ወረዳ ላይ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ቲቪኤስ የሚባለው ሞተርም እንደዚያው ነው። ደግሞ አራት ሰው አንድ ዓይነት ሞተር ከያዘ አንድ መለዋወጫ ለአራት ይበቃል። ቦክሰር ለሥራ የተሠራ ሞተር እንጂ ለኮረኮንች የተሠራ አይደለም፤ ከሳነቴ ወዲያ ያለው ፒስታ ላይ ወገብ ይናገራል። ኤክስ አር 150 ለዚያ መንገድ ይበልጣል። ከመሬት ከፍ ይላል፣ ሞላው ረዥም ነው፣ ድንጋይ አይፈራም። በየወረዳው የግብርናና የጤና ባለሙያዎች የሚነዷቸው እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉ ሞተሮችም ጥሩ ናቸው። የዲቲ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ዓይነት ስለሆነ ግን ዘይቱን እንዳትረሱ።

ስለዚህ ሁላችሁም ኤክስ አር ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ካላገኛችሁ ሁላችሁም ቦክሰር ያዙ። መደባለቁን ተዉት። ትልቁን ሞተር የነዳው ጓደኛችን እስካሁን በዚህ አይስማማም። «የሚያምር ነገር ትንሽ ያስቸግራል» ይላል። እሱ ሲነዳ እኛ ነን የገፋነው።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ናት። ጎባ ወደ 2,700 ናት። ከጎባ ወጥታችሁ ብዙም ሳትርቁ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚገባው ቤንዚን ያው ነው፣ አየሩ ግን ሳስቷል። ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጡትን ዳገት በአንደኛ ትወጣላችሁ። አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። ሮቤ ወይም ጎባ ላይ የአየር ፊልትሮውን አስጸዱ፣ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለደጋ እንዲያስተካክለው ንገሩት፣ በኪሳችሁ ሁለት ካንዴላ ያዙ። ሰውም እንደ ሞተሩ ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሁለት ሌሊት እዚያ ማደሩ ሰውነትን ያለማምዳል። በቀጥታ ከሐዋሳ መጥተው በማግስቱ ሳነቴ የወጡ ልጆች ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠው አይተናል።

ኪራይን በተመለከተ ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው ሞተሩንም፣ አስጎብኚውንም፣ አጃቢ መኪናውንም አንድ ላይ የሚያቀርቡ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው። ውድ ናቸው። ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት ለሚመጣና ሞተር ለመፈለግ ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ይህ ይሻላል። ሁለተኛው ከግለሰብ መከራየት ነው። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ግለጡ። አንዱ አከራይ «ጎማው አዲስ ነው» ብሎን የፊቱ ብቻ አዲስ ሆኖ ተገኘ። የኋላው እንደ ሕፃን ድድ ለስልሶ ነበር። ሳትከፍሉ በፊት ካቴናውን ሳቡት፣ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ ሞክሩት፣ ሊብሬውንና ኢንሹራንሱን በፎቶ ያዙ። ሦስተኛው የራስ ሞተር ነው፤ ያለው የታደለ ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር እንደማይሆንም አትርሱ።

አጃቢ መኪና ያስፈልጋል ወይ? እስከ ሮቤ አያስፈልግም፤ አስፋልት ነው፣ ከተማውም አይራራቅም። ለሳነቴና ለሐረና ግን ይዛችሁ ውጡ። ፒካፑን ከአዲስ አበባ ለሰባት ቀን ከመከራየት ሮቤ ላይ ለሁለት ቀን መከራየት ይሻላል። ዋጋው ብቻ አይደለም። የሮቤ ሹፌር የሳነቴን ጉም ያውቀዋል። የእኛው ሹፌር ጠዋት ሰማዩን አየና «አንድ ሰዓት እንቆይ» አለ፣ ቆየን። ስንወጣ ጉሙ ተገፏል። የአዲስ አበባ ሹፌር ቢሆን ኖሮ በጉሙ ውስጥ ይነዳን ነበር።

ቤንዚን። ወረፋው እንደየቀኑ ነው። ከጎባ ደሎ መና ደርሶ መመለስ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ነው። የቦክሰር ታንከር 11 ሊትር ይይዛል፣ ሞልታችሁ ከወጣችሁ ይበቃችኋል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ግን ከጨነቃችሁ በቀር አትንኩት። ከምን ጋር እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። መኪናው ላይ አንድ ጀሪካን ይኑራችሁ።

ልብስና ዕቃ ላይ ብዙ ገንዘብ አታባክኑ። የራስ ቁሩ ላይ ብቻ አትሰስቱ። ለእግር ከመርካቶ የተገዛ ከስክስ ከየትኛውም ስኒከር ይበልጣል። ከጃኬት ሥር ጋቢ ተጠቅልሎ ደረት ላይ ሲታሰር የሚሰጠውን ሙቀት የትኛውም የቻይና ጃኬት አይሰጥም። ርካሹ የላስቲክ ዝናብ ልብስ 60 ላይ ስትነዱ ብብቱ ይቀደዳል፤ ወፍራሙን ፈልጉ። ለእጅ የሱፍ ጓንት አድርጋችሁ ከላይ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ድረቡበት። መልኩ ያስቃል። ሳነቴ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። ሻንጣም አትግዙ። ልብሳችሁን በፌስታል፣ ፌስታሉን በማዳበሪያ ከታችሁ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ እሰሩት። የትኛውም ጎሚስታ ቁራጩን በነፃ ይሰጣችኋል።

ማደሪያ አሰላ፣ ሮቤና ጎባ ላይ ችግር የለም። ፔንሲዮን ሞልቷል። ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ግቢውን እዩ፦ የሚዘጋ በር አለው? ዘበኛ አለው? ሞተር የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው። ዲንሾ ላይ ወይ ፓርኩ ግቢ ውስጥ ያለው ሎጅ ታድራላችሁ፣ ወይ ድንኳን ትተክላላችሁ። እኔ ሎጁን እመርጣለሁ። ጠዋት በር ስትከፍቱ የደጋ አጋዘን ፊት ለፊታችሁ ይግጣል፣ ከርከሮ ደግሞ እንደ ቤት በግ ይዞራል። ሌሊቱ በጣም ይቀዘቅዛል፤ የራሳችሁን ብርድ ልብስ ጨምሩ። የፓርኩን መግቢያ እዚያው ዲንሾ ክፈሉና ደረሰኙን አትጣሉት፤ ሳነቴ ላይ ትጠየቃላችሁ።

ሳነቴን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ዛፍ የለም። ጅብራ ብቻ እንደ ቆመ ሰው እዚህም እዚያም ይታያል። ዝም ብሎ የተኛ ሐይቅ፣ ድንጋይ፣ ሰማይ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መንገዱ እስከ ጫፉ ይወጣል። ሞተር አጥፍታችሁ ጥቂት ብትቀመጡ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። ፍልፈል ካለ ቀይ ቀበሮ ሩቅ አይደለም። እኛ ሦስት አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ እዚያ ላይ ፉክክር የለም፣ ጥሩንባ የለም፣ ዝግ ብሎ ማለፍ ነው።

ከሳነቴ ወደ ሪራ ያለው ቁልቁለት የጉዞው ሁሉ አስቸጋሪ ክፍል ነው። ጠመዝማዛ ነው፣ ልቅ ጠጠር ነው። በማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመናችሁ ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። ብርዱ እየቀነሰ፣ አስታው ወደ ቀርከሃ፣ ቀርከሃው ወደ ትልልቅ ዛፍ ይቀየራል። ሐረና ውስጥ ቡና ራሱ በቅሎ ያድጋል፣ ቀፎው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ማርና የጫካ ቡና የምትገዙ ከሆነ ከሱቅ ሳይሆን እዚያው መንገድ ዳር ካሉት እናቶች ግዙ።

የባሌ ሰው ፈረሰኛ ነው። ፈረስ ከፊታችሁ ሲመጣ ሞተር አጥፉ። አንድ አባት ፈረሳቸው በርግጎ ሊጥላቸው ሲል አጥፍተን ወርደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ሳቁብን፣ አልፈውም ሄዱ። በአሰላ በኩል ስታልፉ ደግሞ ጭኮ ያዙ። ገብስና ቅቤ ነው፣ ሳምንት አይበላሽም፣ ሁለት ጉርሻው ሆድ ይይዛል። ከየትኛውም ብስኩት ይሻላል።

ሰባት ቀን የለንም ለምትሉ ወንጪ አለላችሁ። በአምቦ ወጥታችሁ በወሊሶ ትመለሳላችሁ፤ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ለልምምድም ጥሩ ነው። የዶርዜ ዳገትም ከአርባ ምንጭ ሲወጡት ያምራል፣ ጫፉ ላይ ቆጮ በማርና በዳጣ ይጠብቃችኋል። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ድረስ ያለው ርቀት ግን ለሞተር አሰልቺ ነው። የሰሜኑን መንገድ አሁን አልጠቁምም። ወደ ባሌም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት በየከተማው ያለ ሰው ደውላችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁ። ወራቱ ከህዳር እስከ የካቲት ይሁን።

ሴቶች ይችሉታል ወይ ያላችሁኝ፦ ኤክስ አሯን የነዳችው ሴት ናት። ከኋላ ሆና ሁላችንንም የጠበቀችን እሷ ናት። ማንም ከእሷ ኋላ አልቀረም።

ስንመለስ አዳባ ላይ ለሰላምታ ቆምን። መካኒኩ የተበጠሰውን ሽቦ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ትልቁን ሞተር ከሩቅ አይቶ ተነሳና፣ «ዘመድ ተገኘ?» አለ። አልተገኘም። የቦክሰሩ ሽቦ ግን እስከ ሐዋሳ አደረሰው።